ዘር ከልጓም ይስባል? በጋሪ ሶሎን 0.4 ላይ የተሰጡ 21 መልሶች

የመክፈቻው ጽሑፍ የእኔ ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተትም የእኔ ነው።

አሜሪካዊው የሥራ ገበያ ኢኮኖሚስት ጋሪ ሶሎን እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመውን ጥናት አንብቤ ስጨርስ እጄ አላርፍ ብሎኝ በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ሁለት ጥያቄ ለጠፍኩ። የአባት ገቢ የልጁን ገቢ ምን ያህል ይጎትተዋል? ትምህርትስ ይህን ገመድ የሚበጥስ ቢላዋ ነው ወይስ ገመዱ ራሱ? ከጥያቄዎቹ በፊት የተረዳሁትን በአጭሩ አስቀመጥኩ። ከሶሎን በፊት በአሜሪካ የአባትና የወንድ ልጅ ገቢ ትስስር 0.2 ገደማ ወይም ከዚያ በታች እንደሆነ ይታመን ነበር። ጋሪ ቤከርና ናይጀል ቶምስ በ1986 ይህን ይዘው፣ የቅድመ አያት ጥቅምም ሆነ ጉዳት በሦስት ትውልድ ውስጥ ከሞላ ጎደል ተጠርጎ ያልቃል ብለው ጽፈዋል። ሶሎን ግን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1968 ጀምሮ ቤተሰቦችን በየዓመቱ እየተከታተለ ከሰበሰበው መረጃ ተነሥቶ ቁጥሩ 0.4 ወይም ከዚያ በላይ እንደሆነ አሳየ። እዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ። ቀጥዬ ግን 0.4 ማለት ከመቶ የድሃ ልጆች አርባው ድሃ ሆነው ይቀራሉ ማለት ነው ብዬ በድፍረት ደመደምኩ።

መልስ 1 ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ጸሐፊው ትሁት ሰው ናቸው፤ ከጽሑፌ ጥሩ ጥሩውን መርጠው ካመሰገኑ በኋላ ነው ስህተቴን የነገሩኝ። ቁጥሩ የሰው ብዛት አይደለም። የአንዱ አባት ገቢ ከሌላው በ10 በመቶ ቢበልጥ የልጁ ገቢ ከሌላኛው ልጅ በአማካይ በ4 በመቶ ይበልጣል፤ ትርጉሙ ይኸው ብቻ ነው። ስሌቱን እስከ ልጅ ልጅ ወስደው አሳዩኝ። አባት የሌላውን እጥፍ የሚያገኝ ከሆነ በ0.4 ስሌት ልጁ በ32 በመቶ፣ የልጅ ልጁ በ12 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በ0.2 ቢሆን ኖሮ ልጁ በ15፣ የልጅ ልጁ በ3 በመቶ ብቻ ይበልጥ ነበር። በልጁ ላይ እጥፍ የሆነው ልዩነት የልጅ ልጁ ላይ አራት እጥፍ ይሆናል። አመስግኜ ከተሳሳተው መስመር ሥር ማረሚያ ጨመርኩ፤ መስመሩን ግን አልሰረዝኩትም፤ ከሰረዝኩት መልስ 1 ከማን ጋር እንደሚነጋገር ማን ያውቃል?

መልስ 2 ስለ ገቢም ስለ ትምህርትም አንዳች አላለም። «ማህበራዊ» ብዬ ጽፌ ኖሮ የጠፋችውን «ኅ» ሊያስመልስ ነው የመጣው። እውነቱን ነው፤ መለስኳት።

መልስ 3 የስታትስቲክስ መምህር መሆን አለበት፤ ቀጥታ ወደ ነገሩ ገባ። የቀደሙት ተመራማሪዎች 0.2 ያገኙት አሜሪካ በዚያ ዘመን የበለጠ ክፍት አገር ስለነበረች ሳይሆን መለኪያቸው ስለሚያጭበረብር ነው አለ። የአንድ ዓመት ገቢ የዕድሜ ልክ ገቢ አይደለም። ሰውየው በተጠየቀበት ዓመት ታሞ ይሆናል፣ ከሥራ ተቀንሶ ይሆናል፣ ወይም ያለወትሮው ቀንቶት ይሆናል። እንዲህ ያለ የአንድ ሰሞን መውጣትና መውረድ ለልጅ አይተላለፍም፤ ከቋሚው ገቢ ጋር ተቀላቅሎ ሲለካ ግን የትስስሩን ቁጥር ወደ ዜሮ ይጎትተዋል። ሶሎን የአባቶቹን ገቢ እስከ አምስት ዓመት ደምሮ አማካዩን ወሰደ። ሁለተኛው ጉድለት የተጠኚዎቹ አመራረጥ ነው። ከቀደሙት ጥናቶች አንዱ የተሠራው ሁለቱም በአሜሪካ ጦር ባገለገሉ ነጭ መንትያ ወንድማማቾች ላይ ነበር። የውትድርናን መመዘኛ ያለፉ ሰዎች ከመነሻው እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ በወንፊቱ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ልዩነታቸው ትንሽ ነው ቢባል አይገርምም።

ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥናቱን ሳነብ ቁጥሩ ላይ ለመድረስ ቸኩዬ የዘለልኩት ክፍል ነበር።

መልስ 4 የአንድ አናጢ ልጅ ናት። አባቷ ካረፉ በኋላ የመሣሪያ ሣጥናቸው ሲከፈት፣ መጋዙና መላጊያው ከተነሡ በኋላ፣ ከሥር ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ተገኘ። በየወሩ ያገኙትን ገንዘብ በዚያ በጠፍጣፋው የአናጢ እርሳስ ጽፈውበታል። አንዱ ዓመት ገጹን ሞልቶ ወደ ኅዳጉ ፈስሷል። የሚቀጥለው ዓመት ከአራተኛው ወር እስከ መጨረሻው አግድም ሰረዝ ብቻ ነው፤ እጃቸው ተሰብሮ የተኙበት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ሰረዝ ከመጫኑ የተነሣ ወረቀቱን ሰንጥቆታል፤ የተከተሉት እየቀጠኑ ሄደው የመጨረሻው በጭንቅ ይታያል። የመልስ 3ን ሐሳብ አንብባ ነው ደብተሩን ያስታወሰችው። ተመራማሪ ያን ዓመት ቤታችን ቢመጣ ምን ብሎ ይመዘግበን ነበር ስትል ጠየቀች፤ መልስም አልጠበቀችም።

ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ እዚህ ላይ ቢቆም ደስ ባለኝ። አልቆመም።

መልስ 5 መሐንዲስ ነው። አባቱ የቀን ሠራተኛ፣ እናቱ ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ፤ እርሱ ግን ሌሊቱን በማጥናት ዛሬ ካለበት ደርሷል። እንዲህ ያለ ጥናት ለሰነፍ ሰበብ ከመስጠት የዘለለ ፋይዳ የለውም አለ። መልስ 6 ለዘብ ብሎ ሊያስረዳው ሞከረ። በዝናብ ቀን አንድ ሰው ሳይረጥብ ቤቱ ቢገባ ዝናቡ አልዘነበም አይባልም፤ 0.4 የአማካይ ወሬ ነው፣ ከ1 በታች መሆኑ ራሱ ብዙዎች ከአባታቸው እርከን እንደሚለቁ ያሳያል። መሐንዲሱ በመልስ 7 ተመልሶ ዝናብ ምን አመጣው አለ። በመልስ 8 ሌላ ሰው ጣልቃ ገብቶ መሐንዲሱን በትዕቢት ከሰሰው። እስከዚያ ሁሉም «እርስዎ» ሲባባል ቆይቶ ከመልስ 8 በኋላ «አንተ» ሆነ፤ እርሱም የወዳጅ «አንተ» አልነበረም። ለመሐንዲሱ በግሌ አዝኛለሁ። ልፋቱን የካደበት ቁጥር የለም፤ እርሱ ግን ቁጥሩን ሁሉ እንደ ስድብ ነው የሚሰማው።

በመልስ 9 መልስ 3 ተመልሶ መጣና ጠቡን እንዳላየ ሆኖ አለፈው። የአናጢውን ደብተር ግን አልረሳም። አምስት ዓመትም ቢሆን አጭር ነው አለ። ባሽካር ማዙምደር በ2005 ባሳተመው ጥናት፣ የአሜሪካን የማኅበራዊ ዋስትና የደመወዝ መዝገብ ተጠቅሞ የአባቶችን ገቢ ለብዙ ዓመታት ሲያማክል ቁጥሩ ወደ 0.6 ከፍ ብሏል። በዚህ ስሌት የእጥፍ ገቢ ባለቤት የልጅ ልጅ እንኳ የ28 በመቶ ብልጫ ይዞ ይቀራል። ዓመት በጨመርን ቁጥር አገሪቱ ስትዘጋ መታየቷ ነው የገረመኝ፤ የተለወጠው እኮ አገሪቱ ሳትሆን መነጽራችን ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄዬን፣ የትምህርቱን ነገር፣ ያስታወሰልኝ መልስ 10 ነው። ኖርዌይ በ1960ዎቹ የግዴታ ትምህርትን ከ7 ዓመት ወደ 9 ዓመት አሳደገች፤ ነገር ግን በአንድ ጀምበር አልነበረም። ማዘጋጃ ቤቶቹ እስከ 1972 ድረስ በየተራቸው ነው የገቡበት። በዚህ የተነሣ በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ በሁለት አጎራባች ማዘጋጃ ቤቶች ያደጉ ሰዎች አንዱ 7 ሌላው 9 ዓመት የመማር ግዴታ ነበረባቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው የወላጅ ጉብዝና ሳይሆን የአዋጁ ተራ ነው። ሳንድራ ብላክ፣ ፖል ዴቬሮ እና ሼል ሳልቫነስ በ2005 የእነዚህን ሰዎች ልጆች ተከተሉ። የተማረ ወላጅ የተማረ ልጅ እንዳለው ማንም በዓይኑ ያያል። በአዋጅ የተጨመረው ትምህርት ግን ወደ ልጅ መተላለፉ እምብዛም አልታየም፤ በጉልህ የታየው ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። ጸሐፊው እናቷን አይተህ ልጇን አግባ የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ ከእንግዲህ ለወንዱም መባል አለበት ብሎ ቀለደ።

መልስ 11 በቀልዱ አልሳቀችም። መምህርት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት በቀረው የማስተማር ዘመኗ የወላጅ ትምህርት ልጅ ላይ ሲሠራ አይቻለሁ ባይ ናት። ከልምዷ ይልቅ ያሳመነኝ ግን የሰነዘረችው ነቀፌታ ነው። አዋጁ የነካው በ7 ዓመት ትምህርቱን ሊያቆም የነበረውን ሰው ነው። ያለአዋጅም ዩኒቨርሲቲ የሚገባውን አልነካውም። ስለዚህ ጥናቱ የሚናገረው ሳይወድ ሁለት ዓመት ስለተጨመረለት ወላጅ ነው፤ ወድዶ አሥር ዓመት ስለተማረው ዝም ይላል። መልስ 10 ይህን ተቀበለ። በክሩ ውስጥ ሰው ሲታረም በጸጋ የተቀበለበት ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ ብዬ ብኮራ ይቅር በሉኝ።

መልስ 12 ወሬውን ወደ ጉዲፈቻ ወሰደው። ብሩስ ሳሰርዶት በ2007 ያጠናቸው ልጆች ኮሪያ ተወልደው ሆልት በተባለው ድርጅት በኩል አሜሪካውያን ቤተሰቦች ዘንድ ያደጉ ናቸው። ድርጅቱ ብቁ የተባሉትን ቤተሰቦች በወረፋቸው ስለሚያስተናግድ የትኛው ሕፃን የትኛው ቤት እንደሚገባ ከዕጣ የማይለይ ነበር። የአሳዳጊዎች ትምህርትና ገቢ በጉዲፈቻ ልጆች ላይ ያሳደረው ተጽእኖ በአብራካቸው ክፋዮች ላይ ከታየው በእጅጉ ያነሰ ሆነ። መጠጥ መጠጣትና ሲጋራ ማጨስ ግን ለሁለቱም እኩል ሊባል በሚችል መጠን ተላልፏል።

ለዚህ መልስ የሰጠው መልስ 13 ራሱ በጉዲፈቻ ያደገ ሰው ነው። አሳዳጊ አባቱ ምሽት ላይ ጮክ ብለው ጋዜጣ ያነቡ ነበር፤ እርሱ ዛሬ ጋዜጣ አይወድም፣ ከምሳ በኋላ የሚያጨሳትን አንዲት ሲጋራ ግን አባቱ በሚይዙበት አያያዝ፣ በቀለበት ጣቱና በመካከለኛው ጣቱ መካከል ነው የሚይዛት። ይህን ያወቀው ጥናቱን አንብቦ ሳይሆን ሚስቱ ከአሮጌ ፎቶግራፍ ጋር አስተያይታ ስታሳየው ነው።

መልስ 14 አንድ መስመር ነው፦ ዘር ከልጓም እንደሚስብ አውጆ ሄደ። ጉዳዩ ያለቀ መስሎታል።

መልስ 15 በዚህ ተቆጣ፤ ቁጣውም አንቀጽ በአንቀጽ እየጋለ ሄደ። መጀመሪያ የስዊድኑን ጥናት አነሣ። በ2006 አንደርስ ብዮርክሉንድ፣ ሚካኤል ሊንዳል እና ኤሪክ ፕሉግ የወለዱትንም ያሳደጉትንም ወላጆች መረጃ ጎን ለጎን አስቀምጠው ነበር፤ ሁለቱም ወገን ድርሻ እንዳለው ነው ያገኙት። ዘር ብቻውን ልጓሙን አልበጠሰም። ከዚያ የመነጽሩን ምሳሌ አመጣ፤ ኢኮኖሚስቱ አርተር ጎልድበርገር በ1979 ያነሣው ነው። የዓይን ድካም በዘር ይተላለፍ እንጂ መነጽር መግዛትን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። ነገሩ በዘር መጣ ማለትና መፍትሔ የለውም ማለት ለየቅል ናቸው። እስከዚህ ድረስ ግሩም ነበር። በመጨረሻው አንቀጽ ግን መልስ 14ን በፈረስ መስሎ ስለ ልጓም ተናገረ፤ ያን ክፍል ባይጽፈው ይሻለው ነበር።

ነገሩን ያበረደችው መልስ 16 ናት፤ ሆን ብላ ይሁን ሳታስበው አላውቅም። ኖርዌይን ያጠኑት እነዚያው ሦስት ተመራማሪዎች በዚያው በ2005 ስለ ልጆች ቁጥርና ቅደም ተከተል ሌላ ጥናት አውጥተዋል። ልጅ ሲበዛ ትምህርት ያንሳል የሚባለው፣ ስንተኛ ልጅ ነህ የሚለው ግምት ውስጥ ሲገባ ይተናል። የሚቀረው የመወለድ ተራ ነው፦ የበኩር ልጅ የበለጠ ይማራል፣ ታናሽ በታናሽ እየቀነሰ ይሄዳል። አምስት ልጆች ባሉበት ቤት በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት፣ በ2000 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በጥቁሮችና በነጮች ትምህርት መካከል ከታየው ጋር ይቀራረባል። አንድ ቤት፣ አንድ አባት፣ አንድ ገቢ፤ ልዩነቱ ግን እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው።

ከዚያማ ኢኮኖሚክስ ቀርቶ ሁሉም ስንተኛ ልጅ እንደሆነ መናገር ያዘ። መልስ 17 በኩር ስትሆን ታናናሾቿን ስታዝል ትምህርቷን ያቋረጠች ናት፤ የኖርዌይ ቤቶች በኩር ልጅን ሞግዚት አያደርጉም መሰለኝ አለች፣ በምሬት። መልስ 18 ስድስተኛ ልጅ መሆኑን ገልጦ ወላጆቹ እርሱ ጋ ሲደርሱ ደክሟቸው ስሙን ራሱ ከሁለት ወንድሞቹ በኋላ ነው የሚያስታውሱት ብሎ አሳቀን።

መልስ 19 ወደ ቁም ነገሩ መለሰንና መልስ 1ን አረመ። 0.4ን በ0.4 አባዝቶ ወደ ልጅ ልጅ መሻገር ያሳስታል አለ። በስዊድን ከተማ በማልሞ አራት ትውልድ የተከታተለ ጥናት፣ የአያት አሻራ በዚህ ማባዛት ከሚገመተው በላይ እንደሚቆይ አሳይቷል። ከዚያ የፍሎረንስን ታሪክ ተረከ፤ ከክሩ ሁሉ እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ከተማዋ በ1427 የነዋሪዎቿን ሀብት ለግብር ስትመዘግብ የቤተሰብ ስማቸውንም ጽፋለች። ጉግሊየልሞ ባሮኔና ሳውሮ ሞቼቲ እነዚያን ስሞች ከ2011 የግብር መዝገብ ጋር አገናኟቸው፤ ያኔ ከላይ የነበሩት ስሞች ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላም ወደ ላይ ያጋደሉ ሆነው ተገኙ። መንገዱ የሚሠራው የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ በሚወርድበት አገር ብቻ ነው፤ እንደ አይስላንድ የአባት ስም በየትውልዱ በሚለወጥበት ሕዝብ ዘንድ መዝገቡ ቢገኝም የስሙ ተከታታይነት ይጠፋል። የመልስ 1 ጸሐፊ ተመልሰው አመሰገኑት፤ ማባዛቱ ቁጥሩን ለማስረዳት ያህል ብቻ እንደነበርም ጨመሩ። ትሁት ሰውም ጥቂት ይከላከላል።

መልስ 20 ረጅም ነው። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2014 የአሜሪካን የግብር መዝገብ ተጠቅመው ቁጥሩን በየአካባቢው በተኑት። በገቢ ከታችኛው አንድ አምስተኛ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ወደ ላይኛው አንድ አምስተኛ የመውጣት ዕድሉ በሻርሎት ከተማ 4.4 በመቶ፣ በሳን ሆዜ ከተማ 12.9 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በኋላ በወጣ ጥናትም 13 ዓመት ሳይሞላቸው ድህነት ከበዛበት ሰፈር የወጡ ልጆች ሲያድጉ ገቢያቸው በ31 በመቶ ገደማ የተሻለ ሆኗል። ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬም መለሰኝ። በዴንማርክ የገቢ ትስስሩ 0.15 ገደማ ስለሚባል ሰው ምክንያቱን ለነጻው ትምህርት ይሰጣል። ራስሙስ ላንደርሶና ጄምስ ሄክማን ግን የወላጅ ትምህርት ከልጅ ትምህርት ጋር ያለው ትስስር በዴንማርክም በአሜሪካም ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። ገቢውን ያቀራረቡት የደመወዝ ልዩነት መጥበብ፣ ግብርና ድጎማ ናቸው። ቢላዋ ነው ያልኩት ትምህርት በዴንማርክም ገመዱን ለብቻው አልበጠሰም።

እዚሁ ሥር መሐንዲሱ አዲስ ቁጥር ሳይወስድ አንድ ነገር አከለ። በስምንት ዓመቱ አጎቱ ወደ ሌላ ከተማ ወስደው አሳድገውታል፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለነበር በእግሩ መመላለሱን ለጥንካሬው ማስረጃ አድርጎ አቀረበ። ከራሱ መልስ በላይ ያለውን አንቀጽ ያነበበው አልመሰለኝም። ማንም አልነገረውም፤ እኔም ተውኩት።

መልስ 21 የአናጢው ልጅ ናት። ደብተሩን አውጥታ አምስት ተከታታይ ዓመታት መርጣ ደምራ አካፍላ ነበር። በሰረዞቹ ዓመት ብቻ ቢለኩ አባቷ ከሰፈሩ መጨረሻ ይመደቡ ነበር፤ በአምስቱ ዓመት አማካይ ግን ከጎረቤቶቻቸው መሐል ናቸው። ድምሩን ስትሠራ ከዚያ በፊት ያላየችውን አየች። በሰረዞቹ ዓመት ገጽ ጀርባ፣ በዚያው ጠፍጣፋ እርሳስ፣ የአራቱ ልጆች ስም ከነክፍላቸው ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት የትምህርት ቤት ክፍያ መከፈሉን የሚያሳይ ምልክት አለ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ደብተሩ አይናገርም። ታላቅ እኅቷን ደውላ ጠየቀቻት፤ እኅትየው የአባታቸው ትልቁ መጋዝ ያን ዓመት ቤት ውስጥ እንዳልነበረ ነው የምታስታውሰው።